ምዕራፍ 7፦ ሞተሩ አንዴ ከወረደ

የቮልስ ፍሪሲዮን ሞተሩ ሳይወርድ አይቀየርም። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። ላዳን የመሰሉ የዱሮ መኪኖች ሞተራቸው ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ካርዳኑ ይፈታና ካምቢዮው ብቻውን ከሥር ይወርዳል፤ ፍሪሲዮኑም ይገለጣል። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩ ያለው ከኋላ ጫፍ ነው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው ከሞተሩ ፊት ተገጥመዋል፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ በሁለቱ መሀል ተዘግቶበታል። መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ወደ ኋላ ስቦ ማውረድ።

ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሲሠሩት ግን ያን ያህል አይደለም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያያያዙት አራት ዳዶዎች ብቻ ናቸው፤ ክብደቱም 110 ኪሎ ገደማ ነው። ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ጥሩ ክሪክ ከምሳ በፊት ያወርዱታል። ያም ሆኖ ማውረድና መመለስ የእጅ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዕቃም ይነካካል፣ ጊዜም ይበላል። ስለዚህ ሞተሩ በወረደበት ቀን አንድ የፍሪሲዮን ሸራ ብቻ ለውጦ መመለስን የመሰለ ኪሳራ የለም። ከወራት በኋላ ሰባ አምስት ግራም የማይሞላ ጎማ ዘይት ያፈስና ያው ሞተር እንደገና ይወርዳል። አሮጌ መኪና የሚያቆየው ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ምን መቀየር እንዳለበት ብቻ አይደለም። ቤቱ በተከፈተ ጊዜ ሌላ ምን መታየት እንዳለበትም ማወቅ አለበት።

ይህን ሥራ በላንቻ አካባቢ አድርጌ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ መሿለኪያን፣ ሪቼንና ጠመንጃ ያዥን አልፎ የሚገኘው ይህ ሰፈር፣ ዛሬ የቀላል ባቡሩ አንዱ ጣቢያ የቆመበት፣ ስሙን ያገኘው ቪንቼንዞ ላንቻ በ1906 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ካቋቋመው የመኪና ፋብሪካ ነው። ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን የላንቻ የጭነት መኪኖች ወታደርና ስንቅ ያመላልሱ ነበር። ወራሪው ከወጣ በኋላ የሰፈሩ ስም ቀረ፣ የመካኒኩም ቋንቋ ቀረ። ዛሬም የቀን ሠራተኛው ልጅ ካቻቪቴ አቀብል ሲባል የሚያነሣውን ያውቃል። ከላንቻ ወደ ሰሜን ጥቂት ከፍ ሲባል ደግሞ አራተኛ ክፍለ ጦር አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደዚያ የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። በሮልስ ሮይስ ለኖሩ ንጉሠ ነገሥት የመጨረሻዋ መኪና የተራው ሰው መኪና ሆነች። ቮልስ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የገባችው እንዲህ ነው፤ በከተማው ዳገት ላይ እስካሁን የምትወጣውም እሷው ናት።

የአዲስ አበባ ዳገት ፍሪሲዮን የሚበላው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ከፍታው ነው። በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው፤ ቤንዚን የሚያነድ ሞተር ደግሞ ጉልበቱ በሚስበው አየር ይለካል። ፋብሪካው 34 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘነው የ1200 ሞተር እዚህ ሲደርስ ከሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ብዙ አያልፍም። ሁለተኛው መንገዱ ነው። መኪና ከቆመበት ሲነሣ ፍሪሲዮኑ እስኪነክስ ድረስ ይንሸራተታል፤ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ከሚሰጠው ጉልበት ግማሽ ያህሉ መኪናውን ይገፋል፣ ግማሹ ሙቀት ሆኖ ሸራው ላይ ይቀራል። ይህ በሜዳ ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ወይም ከፒያሳ ወደ ሰሜን ሆቴል ሲወጣ፣ ጉልበት ያነሰው ሞተር እንዳይጠፋ ሾፌሩ ቤንዚን ጨምሮ ፔዳሉን በዝግታ ይለቃል፤ ሙቀቱ ከግማሽ በላይ ይሆናል። በሰልፍ ውስጥ ይህ በየሃያ ሜትሩ ይደገማል። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬኑን ትቶ መኪናን በፍሪሲዮን ብቻ የሚያቆም ሰው፣ ሸራውን በገዛ እጁ እየሞረደ ነው።

ፍሪሲዮን ሦስት ነገር ነው። ከሞተሩ ጋር ሁልጊዜ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ቮላኖ ነው። ከካምቢዮው ዘንግ ጋር የሚዞረው፣ በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰው ቀጭን ክብ፣ ፍሪሲዮን ሸራ የምንለው ነው። ሦስተኛው ሸራውን ቮላኖው ላይ በሞላ የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ገመዱ አንድ ኩሽኔታ ወደ ሞተሩ በኩል ይገፋል፤ ኩሽኔታው ሞላውን ይጫናል፤ ሸራው ይለቃል፤ ሞተሩ ለብቻው፣ ካምቢዮው ለብቻው ይሆናሉ። ቮልስ ላይ የሸራው ስፋት በ1200 ሞተር 180 ሚሊሜትር፣ በ1500ው 200 ሚሊሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ ዕቃ ስንገዛ እንመለስበታለን።

ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ግን በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሪሲዮን መንሸራተቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርጎ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ትንሽ ቤንዚን ሰጥቶ ፔዳሉን መልቀቅ ነው። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ይነክሳል። እያጓራ ከቀጠለ ይንሸራተታል፤ ፈተናውን አይድገሙት፣ ሸራው ይቃጠላል። ከቆመ መኪና ላይ አንደኛ ወይም የኋላ ማርሽ ሲገባ ጥርስ ከተፋጨ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የላላ ገመድ ነው። ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት የኩሽኔታው ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሰማ፣ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ግን የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ደኅናውን ቀይሮ በሽተኛውን ይተዋል።

ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ መኪና ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ነውና። ቮልስ ሲነሣ ብትንዘፈዘፍ የሁሉም ጣት ወደ ሸራው ይጠቁማል። እውነት ነው፣ ዘይት የነካው ሸራ ያንቀጠቅጣል። ነገር ግን ካምቢዮውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ጎማዎች ሲበጠሱም ያው ነው። ሌላም አለ። የፍሪሲዮኑ ገመድ ከሻንሲው ወጥቶ ወደ ካምቢዮው የሚያልፍባት አጭር ተጣጣፊ ቱቦ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ወደ ታች መለመጥ አለባት። ቀጥ ካለች ሞተሩ ሲወዛወዝ ገመዱን ይጎትተዋል፤ ፍሪሲዮኑም ይያዛል ይለቃል፣ ይያዛል ይለቃል። ማስተካከያው በቱቦዋ ጫፍ ጥቂት ሮንዴላ መጨመር ነው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞተር ማውረድ አያስፈልገውም።

ካምቢዮም እንዲሁ ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። «ጋሼ፣ ካምቢዮው አልቋል፤ ሌላ ይፈልጉለት» የሚባለው ፈጥኖ ነው። ማርሽ ለማስገባት ፍለጋ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ሲፈልጉ የኋላው የሚመጣ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የኋላውን ወንበር ማንሣት ነው። ከሥሩ በመሀለኛው ዋሻ ላይ ትንሽ ክዳን አለች። እሷ ስትከፈት ከማርሽ መለወጫው የሚመጣው ረጅም ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ ይታያል። በውስጡ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች ካለቁ ዘንጉ ይንከራተታል፤ ማርሹም ይጠፋል። እነሱን ለውጦ ብሎኗን በሽቦ አስሮ መመለስ ነው። ካምቢዮው ራሱ ታሟል የሚባለው ማርሹ በጉዞ ላይ ራሱ ሲወጣ፣ በትክክል በተስተካከለ ፍሪሲዮን ሁለተኛው ሲፋጭ፣ ወይም ዘይቱ ሲቀዳ ከማግኔቱ ጋር የብረት ስባሪ ሲመጣ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ብረት የዕድሜ ምልክት ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ግን የጥርስ ነው። ከ1961 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት የተሠራ ቮልስ ያለው ሰው ደግሞ አንደኛ ማርሹ ያለ ማመሳሰያ የተሠራ መሆኑን ይወቅ፤ መኪናው እየሄደ አንደኛ ሲያስገባ ቢፋጭበት በሽታ አይደለም።

አሁን ሞተሩ ይውረድ። ባትሪው ይነቀላል። የቤንዚን ቱቦው ተቆልፎ ይፈታል፤ አጠገቡ ሲጋራም ሆነ ብየዳ አይኑር። የቤንዚን መስጫው ገመድ፣ የኮይልና የዲናሞ ሽቦዎች፣ የሙቀት ቱቦዎች ይለያያሉ፤ የኋላው ቆርቆሮ ይነሣል። አራቱ ዳዶዎች በ17 ቁልፍ ይፈታሉ፤ ሁለቱ ከሥር፣ ሁለቱ ከላይ ናቸው። ክሪኩ የሞተሩን ክብደት የሚቀበለው የመጨረሻው ዳዶ ከመፈታቱ በፊት ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ አሥር ሴንቲሜትር ያህል ይሳባል፣ ዘንጉ ከሸራው እስኪወጣ ድረስ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይወርዳል። በዚህች አሥር ሴንቲሜትር ውስጥ የሞተሩ ክብደት ዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ ሸራው ይጣመማል። ሲመለስም ሕጉ ይኸው ነው። በዳዶ ስቦ ማስገባት የለም፤ በእጅ ካልገባ አንድ ነገር አልገጠመም።

ፕሬዠር ፕሌቱ ሲነሣ ጥቁር አቧራ ይወጣል። ይህን አቧራ በኮምፕሬሰር ማራገፍ በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ መቆምም አለበት። የእነዚህ መኪኖች የጥንት ሸራ የተሠራው ከአስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ሲፈጭ በዓይን የማይታይ ስንጥር ይሆናል፤ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፤ ካንሰር የሚያመጣውም ከአሠርት ዓመታት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉንም የአስቤስቶስ ዓይነት ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። አሮጌ መኪና ውስጥ የትኛው ሸራ ምን እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ አቧራው በውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ በላስቲክ ታስሮ ይጣል። በቤንዚን ማጠብም መፍትሔ አይደለም፤ ያ ሌላ አደጋ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ረዳት ነው። ሥራውን የሚማረው ልጅ በአርባ ዓመቱ ትንፋሽ እንዳያጥረው ማድረግ የዋና መካኒኩ ግዴታ ነው፤ የመኪናው ባለቤትም አፍ አውጥቶ መናገር ይገባዋል።

ከአቧራው በኋላ እርጥበቱን ይመልከቱ። ቮላኖው ዙሪያ ዘይት ካለ ከየት እንደመጣ መለየት ይቻላል። ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የሞተር ነው፤ ያመለጠው ከቮላኖው በስተጀርባ ካለው ኦይል ሲል ነው። ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ ነው፤ በካምቢዮው ዘንግ ኦይል ሲል በኩል መጥቷል። ሁለቱም ኦይል ሲሎች ርካሽ ናቸው፤ ቢደርቁም ባይደርቁም በዚህ ቀን ይቀየሩ። የሞተሩን ለመቀየር ቮላኖው መነሣት አለበት። የያዘው አንድ ትልቅ ባለ 36 ዳዶ ሲሆን ሲመለስ የሚጠብቀው 300 ኒውተን ሜትር በሚጠጋ ኃይል ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። በመዶሻና በመሮ የሚፈታ ሰው አለ፤ ዳዶው ይበላሻል፣ ሲመለስም በግምት ይጠብቃል፣ በጉዞ ላይ የላላ ቮላኖ ደግሞ ሞተሩን ከነዘንጉ ይገድላል። ከቮላኖው በስተጀርባ ያሉት ሦስት ስስ ሮንዴላዎች የሞተሩ ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጫወተውን ይወስናሉ፤ ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ ያለው ቶርኖ ቤት ካገኙ አይለፉት። የቮላኖው ፊት በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ከተሰነጣጠቀም እዚያው ይላጣል።

ሸራውን በተመለከተ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አዲስ መግዛት ነው። ሌላው የአሮጌውን ብረት ይዞ አዲስ ሸራ በሪቬት ማስመታት ነው። ለቮልስ ዕቃ በማይገኝበት ጊዜ ብዙ መኪና ያቆየው ይህ ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው፤ በደንብ ከተሠራም ያገለግላል። ነገር ግን የተመታው ሸራ ከመገጠሙ በፊት ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይሽከርከር። ከተወዛወዘ ብረቱ ተጣሟል ማለት ነው፤ ሸራው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ፍሪሲዮኑ አይለቅም። የሪቬቶቹ ራስ ከሸራው ፊት ጠልቆ መቀመጡም በጣት ይዳሰስ፤ ካልጠለቀ ቮላኖውን ያርሰዋል። ሸራው ሲገጠም መሀል ለመሀል እንዲቀመጥ ከተጣለ ካምቢዮ የወጣ ዘንግ ከሁሉ የተሻለ መሣሪያ ነው። የፕሬዠር ፕሌቱ ስድስት ብሎኖች በአንድ ጊዜ አይጠብቁም፤ በየተቃራኒው ጥቂት ጥቂት እየተባሉ፣ በመጨረሻ 25 ኒውተን ሜትር።

ካምቢዮው በእውነት ካለቀ ሥራው ይሰፋል። ቀጥ ያለ የኋላ ዘንግ ባላቸው ቮልሶች ካምቢዮው የሚወርደው ከሁለቱ ዘንጎች ጋር ነው፤ የፍሬን ቱቦውና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይፈታሉ። ዘንጉ ከኋላ እግሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመፈታቱ በፊት በመሮ ምልክት ይደረግበት፤ ያለዚያ መኪናው ሲመለስ ጎማው ወደ ጎን ያያል።

ምትክ ካምቢዮ ፍለጋ ብዙ ጊዜ መርካቶ ሱማሌ ተራ ያደርሳል። እዚያ የሚገዛ ሰው ዓይኑ ሊከፈት ይገባል። የባለ 6 ቮልት ቮልስ ቮላኖ 109 ጥርስ አለው፣ የባለ 12ቱ 130። የኋለኛው በክብ ሰፋ ስለሚል በ6 ቮልቱ ካምቢዮ ቤት ውስጥ ያለ መላጥ አይሽከረከርም፤ ማስነሻ ሞተሩም ይለያል። 180 እና 200 ሚሊሜትር ሸራ ያልኩት እዚህ ይመጣል፤ ቮላኖ፣ ሸራና ፕሬዠር ፕሌት ሦስቱም የአንድ ልክ መሆን አለባቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኮምቢው ነው። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ ኮምቢ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ተጨማሪ ጥርሶች ስለነበሩት ዲፈረንሻሉ በተቃራኒ በኩል ተገጥሞ ነው የተሠራው። የእሱ ካምቢዮ ሳይገለበጥ ቮልስ ላይ ቢገባ መኪናዋ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ፊት ትሄዳለች። ይህ የሚታወቀው ሁሉ ነገር ታስሮ፣ ዘይት ተሞልቶ፣ መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ ካምቢዮ ሲገዙ አንደኛ ማርሽ አስገብተው የመግቢያውን ዘንግ በእጅ ያዙሩ፤ ዘንጉ ለሞተሩ በሚስማማ አቅጣጫ ሲዞር የኋላ ዘንጎቹ ወደ ፊት መዞር አለባቸው። ዙሩንም ይቁጠሩ። በ1200 ቮልስ አንደኛው 3.80፣ ዲፈረንሻሉ 4.375 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ አሥራ ስድስት ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል። ለእንጦጦ የሚያስፈልገው ይህ ቁጥር ነው። ለ1500ው የተሠራው፣ ረዘም ያለ ዲፈረንሻል ያለው ካምቢዮ በሜዳ መንገድ ሞተሩን ያሳርፈዋል፤ 34 ፈረሱ ሞተር ላይ ግን ዳገቱ ይከብደዋል።

አሜሪካኖች ተመሳሳይ ሥራ በሌላ ዓላማ ይሠራሉ። እንደ 1964 እ.ኤ.አ. ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉ፣ 6.4 ሊትር ሞተርና 325 የፈረስ ጉልበት ይዘው የወጡ ጉልበተኛ መኪኖች ያላቸው ሰዎች የጥንቱን አራት ማርሽ አውጥተው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ያስገባሉ፤ በረጅሙ አውራ ጎዳና ሞተሩ እንዲረጋ ነው። ፍሪሲዮኑንም ያጠነክሩታል፤ የሞላው ግፊት ሲጨምር የሾፌሩም እግር ይደክማል። የአዲስ አበባው የቮልስ ባለቤት ችግር ተቃራኒው ነው። ጉልበት ያነሰው ሞተር ስላለው የሚያስፈልገው ጠንካራ ሞላ አይደለም፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀስ ብሎ የሚነክስ ሸራ ነው። ከውጭ በስጦታ የመጣ የእሽቅድምድም ፕሬዠር ፕሌት በዚህ ከተማ ትራፊክ ውስጥ ጉልበት ይጨርሳል፤ ገመዱንም ይበጥሳል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ውድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አሁን የሚገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የላቸውም። ስለዚህ ሸራ የሚመታ፣ ቮላኖ የሚልጥ፣ የካምቢዮ ድምፅ በጆሮው የሚለይ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለእኔ የምር ጥያቄ ነው። የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን በአዲሱ ላይ ሲያተኩሩ አሮጌውን ልጆች የሚማሩት በጋራዥ ወለል ላይ ብቻ ነው። አንድ አሮጌ የቮልስ ካምቢዮ በየትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ቢቀመጥ፣ የማርሽን ነገር ከዚያ በተሻለ የሚያስረዳ ሥዕል የለም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሞተሩ ገብቶ አራቱ ዳዶዎች በ30 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ፣ የካምቢዮው ቤት ማግኒዚየም ስለሆነ ይጎዳል። የካምቢዮ ዘይት የሚቀዳ ከሆነ በቅድሚያ የሚከፈተው በጎን ያለው የመሙያው ብሎን ነው፤ እሱ ዝጎ አልከፈት ካለ የታችኛውን ሳይነኩ መኪናው ቢያንስ መሄድ ይችላል። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ሁለት ተኩል ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ በመሙያው አፍ ሊፈስ ሲል ልኩ ነው። ከዚያ ከካምቢዮው በስተግራ ያለችውን ባለ ክንፍ ዳዶ በእጅ እያዞሩ ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር በነፃ እንዲወርድ ያድርጉ። ያለዚህ ነፃ ርቀት ኩሽኔታው ሁልጊዜ እየተጫነ ይዞራል፤ አዲሱም ሸራ ከመጀመሪያው ቀን ይንሸራተታል። አዲስ ሸራ እስኪላመድ ድረስ ለጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ከዳገት አነሣስና ከከባድ ጭነት ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ ያችን ዳዶ እንደገና ይለኩ፤ ሸራው ሲለመድ ርቀቱ ይጠብባል። ከሥር ገብተውም ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበትን ጣት አስገብተው ይዳስሱ፤ ደረቅ መሆን አለበት።